ጣት የማያገኘው ቁጥር

ዲካልን የፈለሰፈው ሰው ዕድሜ ልኩን ብቻውን የኖረ መሆን አለበት። የሚጠራው የለም፣ ስልክ የሚደውልለት የለም፣ በሩን በርግዶ የሚገባበት የለም። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ትንፋሽ ሲነካው የሚታጠፍ፣ ውሃ ሲበዛበት የሚንሳፈፍ፣ ውሃ ሲያንሰው የሚቀደድ ነገር ሠርቶ "ይኸው፣ ለጥፉ" ብሎ ለሰው ልጅ ባልሰጠ ነበር።

ለማያውቀው ልንገር። እኔ ሞዴል ሠሪ ነኝ። ሕንፃ፣ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ የታዘዝኩትን ሁሉ አሳንሼ እሠራለሁ፤ ድርጅቶች መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው የምታዩአቸው ዓይነት። እነዚህ ነገሮች ላይ ያለው ጽሑፍና ቁጥር በብሩሽ አይጻፍም፤ የጉንዳን እጅ የለንማ። ዲካል በሚባል ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ተለጣፊ ላይ ይታተማል። ይቆረጣል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከወረቀቱ ሲለቅ በወረንጦ ተይዞ ቦታው ላይ ይንሸራተታል፣ ውሃው በጥጥ ይመጠጣል፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ ይነፋበታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እስቲ ሞክሩት።

ያን ሰሞን የያዝኩት ሥራ የማንም ትዕዛዝ አልነበረም። የአባቴን አውቶብስ ነበር የምሠራው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነበር፤ የሠላሳ አንድ ቁጥር ሹፌር። ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ "ሠላሳ አንድ" ነው የሚሉት። እናቴም ስትቆጣው "አንተ ሠላሳ አንድ!" ትለዋለች። ቤት ከዋለ ወዲህ ዓይኑ ይደክም ጀመር። ግራው ቀድሞ ጠፋ። ሐኪሙ ቀኙን አየና፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፣ ልታሳዩት የምትፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ አሳዩት አለን። እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም፤ በሩን በላዩ ላይ ወርውሬበት ልወጣ ምንም አልቀረኝም። መንገድ ላይ አባዬን "ምን ማየት ትፈልጋለህ?" አልኩት። ባሕር ይላል፣ የተወለደበትን ሰፈር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"አውቶብሴን" አለ።

አውቶብሱ ተቆራርጦ ብረቱ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ። ስለዚህ ልሠራለት ተነሳሁ። ርዝመቱ ክንድ የሚያህል፣ በሩ የሚከፈት፣ መሪው የሚዞር። ሩጫው ዓይኑ ሳይቀድመኝ ለመድረስ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እናቴ ከፊት ቆማ ግማሹን ሸፍናዋለች። የቀረው ያለው አባዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃዬን ጠቅልዬ የወላጆቼ ሳሎን ገባሁ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋሁ። አባዬ ከጎኔ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨጓራዬ ተላጠ።

"አሁን ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየቆረጥኩ።"

"ምኑን?"

"የፊቱን ቁጥር።"

"በመቀስ?"

"በምላጭ፣ አባዬ።"

"ዳር ዳሩን ተከትለሽ ነው ወይስ አስፍተሽ?"

እኔ በዝምታ መሥራት የለመድኩ ሴት ነኝ። የአባቴ አፍ ደግሞ ማርሽ እንጂ ፍሬን የለውም። አውቶብሱ ውስጥ ከመሪው በላይ "ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ነበር፤ እናቴ እንደምትለው ከሆነ የተለጠፈው ተሳፋሪውን ከሹፌሩ ለማዳን ነው። ያንንም በዲካል አሳትሜዋለሁ፣ ፊደሉ ከሰሊጥ አንሶ። ሲብስብኝ ወረቀቱን በጣቴ እየመታሁ "ክልክል ነው፣ አባዬ" እለዋለሁ።

"እሱ እኮ ለተሳፋሪ ነው" ይለኛል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

የመጀመሪያውን የፊት ቁጥር ያስበላኝ እሱ ነው። ከውሃ አውጥቼዋለሁ፣ ወረንጦው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሼን ይዣለሁ። ልክ ሲያርፍ "ክብሪቴ!" ብሎ ጮኸ። ክብሪት ያለኝ እሱ ነው፣ ቶሎ ስለምጫር። ደንግጬ ወረንጦውን ሳብኩና ሦስቱ ከአንዱ ተገነጠለ።

"ምን ሆንክ?!"

"ኧረ ምንም አልሆንኩም። አንዱ ዘመም ያለ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ነው።"

"የቱ አንድ?"

"የሠላሳ አንዱ አንድ። የጻፈው ሰውዬ ቸኩሎ ወደ ቀኝ አዘነበለው። ከሩቅ ሲያዩት ሦስቱ ገፍቶት ሊወድቅ ይመስል ነበር። አንቺ ምን አድርገሽ ነው ያሳተምሽው?"

"ቀጥ አድርጌ።"

"እንዴ! ጠማማ ነበር እያልኩሽ።"

"እኔ ጠማማ ቁጥር አልለጥፍም። ያየ ሰው ሁሉ ይቺ ሴት መለጠፍ አትችልም ነው የሚለው።"

"የማየው እኔ አይደለሁ?"

"አንተም ቀጥ ያለውን እይ!" አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። አባዬ እጁን ጭኑ ላይ አጣመረ። የተገነጠሉትን ሦስትና አንድ መጣል አሳዝኖኝ ወረቀታቸው ላይ መልሼ አስተኛኋቸውና በመለዋወጫው ሠራሁ። መለዋወጫው አንድ ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ እናቴ አለች። አባዬ ብርሃን እንዳይከልለኝ ወንበሩን ትንሽ ሳብ ሳደርግ ከማድ ቤት ሮጣ መጥታ "የወንበሩን ቦታ አትለዋውጪ!" ትላለች። የሻይ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት "እንደሱ አይደለም፣ እጁ ላይ አድርጊለት" ትላለች። ሴትዮዋ ዕድሜ ሲገፋ ጭቅጭቅ ጀመራት ብዬ ነበር። አልመለስኩላትም፤ ወንበሩን ስትሄድ ነበር የማንቀሳቅሰው።

ቀጥሎ በጎኑ የሚሄደው ቀይ መስመር መጣ። ረጅም ዲካል እርጥብ ጸጉር ማለት ነው፤ አንዴ በራሱ ላይ ከተጠቀለለ ማንም አይፈታውም። ተጠቀለለ። መለዋወጫውም ተጠቀለለ። አታሚው ጋ ሄጄ ሌላ ወረቀት አትምልኝ ስለው "እህቴ፣ ነጭ የሚያትመው ማሽን ቆሟል፣ ነገ ነይ" አለኝ። ነገ ሄድኩ። ነገ ነይ አለኝ። በመጨረሻ ቀዩን ብቻ አትሞ ሰጠኝ፣ ቤት ወስጄ ውሃ ውስጥ ስነክረው ውሃው ቀላ፣ እጄ ላይ ባዶ ፕላስቲክ ቀረ። ከታተመ በኋላ ማሸጊያ ካልተነፋበት ቀለሙ ይለቃል፤ ይሄን የዚህ ሥራ ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

"ማሸጊያ አልነፋህበትም?"

"የምን ማሸጊያ?" አለኝ፣ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ።

ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ቀዩን እንደገና አሳተምኩ፣ ራሴ ነፋሁበት፣ ሠራ። ነጩን ቁጥር ግን እስከ መጨረሻው አላተመልኝም።

የቀረኝ የኋላው ሠላሳ አንድ ነው፣ እሱም አንድ ለእናቱ። የሚለጠፈው የሞተሩ መተንፈሻ ላይ ነው፤ ጎድጎድ ያለ፣ መስመር መስመር ያለበት ቦታ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዲካሉን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይቀባል፣ ፕላስቲኩ ይሟሽሽና በየጎድጓዳው ገብቶ ይተኛል። ቀባሁት። ተሸበሸበ። መሸብሸቡ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ይለጠጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሲደርቅ እንደተሸበሸበ ድርቅ አለ። ደግሜ ቀባሁ፣ ባሰበት። ጠርዙ ሁሉ ተነስቶ እንደ ደረቀ ቁስል ቆመ። መለዋወጫ የለ፣ አታሚው ነገ ነው፣ የአባቴ ዓይን ደግሞ አይጠብቅም። አናቴ ላይ ወጣብኝ፤ ብድግ ብዬ ግቢውን ዞሬ መጣሁ። አውቶብሱን ኋላውን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩትና እንዳላየሁት ሆንኩ።

"ዝም አልሽ" አለ አባዬ።

"የኋላው ተበላሸ።"

"ልንካው?"

"አትንካ! እርጥብ ነው።"

በየቀኑ ነበር እንዲህ የሚለው። ልንካው? አትንካ፣ ሙጫው አልያዘም። ልንካው? አትንካ፣ የጣትህ ወዝ ይይዘዋል። እጁን ዘርግቶ ሲሰበስብ እያየሁት፣ እንደ ልጅ ምን አስቸኮለው እያልኩ እናደድ ነበር።

ቢሆንም የፊቱና የጎኑ አማረ፤ የሙያው ክብር ያለው ደግሞ ማሸጉ ላይ ነው። ዲካል ምንም ያህል ቢሳሳ ጠርዝ አለው። ቫርኒሽ ይነፋበታል፣ ሲደርቅ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይነፋል፣ እንደገና ይፈገፈጋል፤ ጠርዙ ቫርኒሹ ውስጥ ሰጥሞ እስኪጠፋ። መፈተኛው ዓይን ጨፍኖ ጣት ማስኬድ ነው። ጥፍር ያዝ ካደረገው አላለቀም። ጣት ቁጥሩ የት እንደሚጀምር ካላወቀ፣ ያኔ ነው ያለቀው። ክንዴ እስኪዝል ፈገፈግሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ቁጥሩ ላይ ሳስኬደው ልስልስ፣ ሙልጭ ያለ ነገር ሆነ።

"አባዬ፣ አላገኘሁትም!" አልኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰሞን ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ቁጥሩ! እዚያ እንዳለ ጣቴ አያውቅም።"

"ጥሩ ነው እንዴ ይሄ?"

"ከዚህ በላይ የለም።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለ።

ባለቀ ዕለት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታው ነበር። ለደከመ ዓይን ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም ብዬ አውቶብሱን በሁለት እጄ ይዤ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። እናቴ እጇን እያደራረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"በል አሁን እንደ ልብህ ንካው" አልኩት። "ደርቋል። አልቋል። ያንተ ነው።"

አባዬ እንደ ሕፃን አቀፈው። ፊቱን ወደ እኔ ቀና አድርጎ "አያምርም እንዴ!" አለ። ጣቶቹ መሄድ ጀመሩ። ጎማውን አሽከረከረ። በሩን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ሳቀ። በሹፌሩ መስኮት ትንሿን ጣቱን አስገብቶ መሪውን ነካ። ከዚያ አውራ ጣቱ ከፊት መስታወቱ በላይ ወጣ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ግንባሩ ተቋጠረ።

"ቁጥሩን ገና አልለጠፍሽውም እንዴ?" አለ።

ቁጥሩ ዓይኑ ሥር ነበር። ጥቁር ላይ ነጭ፣ ፀሐይ ያረፈበት፣ እናቴ ከበሩ ሆና የምታነበው።

አባዬ ምን እንዳለ ሲገባው አውራ ጣቱ እዚያው ላይ ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩ።

"ምኑ?"

"አትሸውደኝ፣ አባዬ!"

የመለሰችልኝ እናቴ ናት። "ዕቃሽን ይዘሽ ከመምጣትሽ በፊት ነው። ጨለማና ብርሃን ይለያል፣ ሌላ ምንም የለም።"

አለቀስኩ ብል ያምርብኝ ነበር፤ ያደረግሁት ግን መጮህ ነው። ለማን ነው የለፋሁት? ለማን ነው ክንዴ እስኪዝል የፈገፈግሁት? ዓይን ለሌለው ሰው የማይዳሰስ ቁጥር ሠርቼ፣ በእሱም ኮርቼ፣ አባዬ አላገኘሁትም እያልኩ ስፈነድቅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል! ሁለቱም ያውቃሉ! ስኒውም፣ ወንበሩም፣ ሁሉም ለዚህ ነው!

"ለምን አትነግሩኝም ነበር?"

"ብነግርሽ ትተዪዋለሽ ብዬ" አለ አባዬ።

"አልተወውም ነበር!"

"ትተዪው ነበር። እኔ ደግሞ ስትሠሪ እያየሁሽ ነበር። ስትቆርጪ፣ ስትነክሪ፣ ስትረግሚ። ምን እያደረግሽ ነው ስልሽ ትነግሪኝ የለ? በዚያ ነበር የማየው።"

ስንቴ ነው ክልክል ነው ያልኩት? ስንቴ ነው በአንድ ቃል መልሼ ዝም ያሰኘሁት? ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም በራሴ ላይ ዞረና የባሰ ሆነ።

እሱ ጣቶቹን አላቆመም። አውቶብሱን አዟዙሮ ኋላው ላይ ደረሰ፣ መተንፈሻው ላይ፣ ያ የተሸበሸበው ጉድ ላይ። ቆመ።

"ቆይ፣ ቆይ። ሦስት..." አለ። አንደበቱም ጣቱም ቀስ አለ። "አንድ! ይኸውልሽ፣ እዚህ አለ! ይሄን ነው ተበላሸ ያልሽኝ? ይሄማ ከሁሉም ያምራል።"

ሙያዬን ሁሉ ያፈሰስኩበትን አላገኘውም፤ ያፈርኩበትን አገኘው። ቀማሁት ማለት ይቻላል። "አምጣው" ብዬ ከጭኑ ላይ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጠርዝ ነው የሚያስፈልገኝ፤ የሚይዝ፣ የቆመ፣ የተሸበሸበ ጠርዝ። ከመጀመሪያው የፊት ቁጥር የተገነጠሉት ሦስትና አንድ ወረቀታቸው ላይ ነበሩ። ጀማሪ የሚሳሳተውን ስህተት ሁሉ ሆን ብዬ ሠራሁ። የፊቱን ቫርኒሽ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ለስላሳ ዲካል ሻካራ ላይ አይይዝምና። ማለስለሻ አልቀባሁም። ውሃውን በጥጥ አልመጠጥኩም። ሦስቱን ወርወር አድርጌ ጣልኩት። ተንሸራተተና ቦታው ላይ ገብቶ ለጥ ብሎ ተኛ። በጣቴ ብነካው፣ ምንም የለም።

"ምን ሆነ?" አለ አባዬ።

"ተኛ!" አልኩ። "ያን ሁሉ ጊዜ ተኛ ብዬ ስለምነው የቆመ፣ ዛሬ ቁም ብለው ተኛ! ሆን ብሎ ነው እኮ! ያውቀኛል!"

አባዬ መሳቅ ጀመረ። እናቴም በሩን ተደግፋ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። ከአውቶብሱ ወለል የተረፈ ወፍራም ፕላስቲክ አነሳሁ፣ ምላጩን አነሳሁ፣ ሳልለካ ሳልነድፍ ሦስት ቆረጥኩ፣ አንድ ቆረጥኩ። ሙጫውን እንደ ቅቤ ለቀለቅሁትና ከመስታወቱ በላይ፣ በዚያ ሁሉ ልፋቴ ላይ፣ ጫንኩት። ሙጫው በየዳሩ ፈሰሰ። ሠርቼ ከማውቀው ሁሉ የከፋ ሥራ ነው። ቫርኒሽም አልነፋሁበት። ትንሽ ያዝ እንዳደረገ መልሼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ንካ" አልኩት።

አውራ ጣቱ ወጣ። ሦስቱን አገኘው፣ ሆዶቹን ዞራቸው። ወደ አንዱ አለፈ፣ ከላይ እስከ ታች ሄደበት፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ።

"ጠማማ ነው" አለ።

አየሁት። በንዴት ስጭነው አንዱን ወደ ቀኝ አዘንብዬዋለሁ፤ ሦስቱ ገፍቶት ሊወድቅ ይመስላል።

"ጠማማ ነው" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

አባዬ አላረመኝም። ጣቱን ከአንዱ ላይ ሳያነሳ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፣ ሁልጊዜ እናቴ ወደምትቆምበት። እናቴ ወጣት ሳለች በየጠዋቱ ፌርማታ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ይሄንን አውቶብስ ነበር፤ የተዋወቁትም እንደዚያ ነው።

"ነይ" አላት። "መጣልሽ።"

"እንደ ልማዱ አርፍዶ ነዋ" አለችና መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፣ እጇን እጁ ላይ አድርጋ።

እኔ አውቶብሱን እስኪጠግቡት ጠበቅኋቸው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ያማረውን ቀይ መስመር ጣት በሚያገኘው ልተካው ከጎኑ ላይ መፋቅ ጀመርኩ።

"አሁን ምን እያደረግሽ ነው?" አለ አባዬ።

ነገርኩት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ አንድም ሳላስቀር።